የውርንጭላው ሳልና የሰው ሳንባ
ስለ ሮዶኮከስ ኢኩዊ ሰበካ ጉባኤያትና ካህናት ሊያውቁት የሚገባ

በወገራ ደጋ፣ በዳባትና በደባርቅ ዙሪያ ፈረስና በቅሎ የቤተሰቡ አካል ናቸው። እህል ወደ ገበያ የሚደርሰው፣ በሽተኛ ወደ ጤና ጣቢያ የሚወርደው፣ ካህኑ በሩቅ መንደር ወዳለ የንስሐ ልጁ የሚሄደው፣ ጎብኚው የሰሜን ተራሮችን የሚወጣው በእነዚሁ እንስሳት ጀርባ ነው። ስለዚህ አንዲት ባዝራ የወለደችው ውርንጭላ በሦስተኛ ወሩ ሲሞት የጠፋው አንድ እንስሳ ብቻ አይደለም፤ ቤተሰቡ ለዓመታት ሲጠብቀው የነበረ ተስፋም አብሮ ይጠፋል።

ውርንጭላን ከሚገድሉ የሳንባ ሕመሞች አንዱ ሮዶኮከስ ኢኩዊ በሚባል ባክቴሪያ የሚመጣው ነው። ይህ ተህዋስ በጤነኛ ሰው ላይ ጉዳት የሚያደርሰው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። በሽታ የመከላከል አቅሙ በተዳከመ ሰው ሳንባ ውስጥ ግን በውርንጭላው ሳንባ የሚሠራውን ያንኑ ሥራ ይሠራል። ምልክቱ የሳንባ ነቀርሳን ስለሚመስልም ታማሚውንም ሐኪሙንም ሊያሳስት ይችላል።

በሽታው በሰው ላይ ብርቅ ነው፤ ስለዚህ ጽሑፉ የቀረበው ለማስፈራት አይደለም። ከዚህ በሽታ የሚጠብቁን ነገሮች በአጥቢያ ደረጃ ሊሠሩ የሚችሉ መሆናቸውን ለማስረዳት ነው። እነዚህም አቧራን መቀነስ፣ የተጀመረ መድኃኒትን አለማቋረጥ፣ እንዲሁም «ታክሜ አልተሻለኝም» ያለውን ሰው ወደ ሐኪም መመለስ ናቸው። ሦስቱም ከብዙ ሌሎች በሽታዎች ጭምር ይጠብቃሉ።

ተህዋሱ ምንድን ነው?

የተህዋሱ ስም ከሁለት ቋንቋዎች የተገኘ ነው። «ሮዶን» በጽርእ ጽጌ ረዳ፣ «ኮኮስ» ደግሞ ፍሬ ወይም ቅንጣት ማለት ሲሆን፣ «ኢኩዊ» በላቲን «የፈረስ» ማለት ነው። በቤተ ሙከራ ሲያሳድጉት ከጥቂት ቀናት በኋላ እንደ ጽጌ ረዳ ደብዘዝ ያለ ቀይ መልክ ስለሚያወጣ ይህን ስም አገኘ። ለመጀመሪያ ጊዜ የተለየው እ.ኤ.አ. በ1923 በስዊድን ነው፤ ማግኑሰን የተባለ ተመራማሪ የሳንባ ምች ካለባቸው ውርንጭላዎች አግኝቶ ገለጸው። በዚያን ጊዜ የተሰጠው የወገን ስም ሌላ ነበር፤ አሁን የሚታወቅበት ስም የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው።

በሰው ላይ መገኘቱ የታወቀው ከዚያ ከ40 ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ታማሚው የ29 ዓመት ወጣት ሲሆን፣ ለጉበት ሕመሙ በሽታ የመከላከል አቅምን የሚያዳክም መድኃኒት ይወስድ ነበር፤ ከእንስሳት በረት ሥራም ጋር ግንኙነት ነበረው። በዚህ በመጀመሪያው ታማሚ ታሪክ ውስጥ የበሽታው ሁለት ገጽታዎች በአንድነት ታይተዋል፤ አንደኛው ከእንስሳት መዋያ የሚነሣው አቧራ፣ ሁለተኛው የተዳከመው የሰውነት መከላከያ ነው። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ በሰው ላይ የተገኙት ታማሚዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ኤች.አይ.ቪ. በዓለም ከተስፋፋ በኋላ ግን ቁጥራቸው ጨመረ።

ተህዋሱ ፈረስ በሚረባበት የዓለም ክፍል ሁሉ በአፈር ውስጥ ይኖራል። በአፈርና በሣር ላይ ያለውን ተህዋስ ፈረሱ ሲግጥ ይውጠዋል፤ በአንጀቱ አልፎም ከፋንድያው ጋር ይወጣል። ዐዋቂው ፈረስ አይታመምበትም። ፋንድያ ለተህዋሱ ጥሩ ምግብ ነው፤ በፋንድያ በዳበረ አፈር ውስጥ፣ በተለይም ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን፣ በፍጥነት ይራባል። አፈሩ ደርቆ ሲቦን ከአቧራው ጋር ወደ አየር ይወጣል፤ ወደ ሳንባም በትንፋሽ ይገባል።

«የእኛ አገር ደጋ ነው፤ ብርድ ነው፤ ይህ አይመለከተንም» የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ብርዱን በመፍራት ባዝራዋና ውርንጭላዋ በጠባብና በተዘጋ ጋጥ ሲታሰሩ፣ ከሥራቸው የተከማቸው ፋንድያ የራሱን ሙቀት ይፈጥራል። በበጋ ወራትም ቀን ቀን ፀሐይ የመታው ደረቅ መሬት ይሞቃል፤ ይቦናልም። ስለዚህ ሊታሰብ የሚገባው እንስሳው የሚያድርበትና የሚውልበት ቦታ ሁኔታ እንጂ የአገሩ ከፍታ ብቻ አይደለም።

በውርንጭላው ሳንባ የሚሆነው

የሰውም ሆነ የእንስሳ ሳንባ ወደ ውስጥ የገባን ተህዋስ ውጠው የሚያጠፉ ሕዋሳት አሉት። እነዚህን የሰውነት ዘበኞች ልንላቸው እንችላለን። ብዙዎቹ ባክቴሪያዎች በእነዚህ ሕዋሳት ሲዋጡ ይሞታሉ። ሮዶኮከስ ኢኩዊ ግን ከተዋጠ በኋላ በዘበኛው ሕዋስ ውስጥ ሳይሞት ይቀራል፤ በዚያው ይራባል፤ በመጨረሻም ሕዋሱን አፍርሶ ይወጣል። ይህን ለማድረግ የሚያስችለው ኃይል ፕላስሚድ በሚባል ተጨማሪ የዘር ቅንጣት ላይ የተጻፈ ነው። ይህ ቅንጣት የሌላቸው የተህዋሱ ዓይነቶች በአፈር ውስጥ ቢኖሩም ውርንጭላን አያሳምሙም።

ዐዋቂው ፈረስ የዳበረ መከላከያ ስላለው ተህዋሱን ያሸንፈዋል። ውርንጭላው ግን ሲወለድ መከላከያው ገና አልጠነከረም። ብዙውን ጊዜ ተህዋሱን የሚስበው በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት ሲሆን፣ ሕመሙ በግልጽ የሚታየው ከሦስት ሳምንት እስከ ስድስት ወር ባለው ዕድሜው ነው። በዚህ መካከል በሳንባው ውስጥ መግል የቋጠሩ እብጠቶች ቀስ በቀስ ያድጋሉ።

አስቸጋሪው ነገር ይህ መዘግየት ነው። ውርንጭላው ሳንባው ብዙ ተጎድቶ ሳለ ሊጠባና ሊቦርቅ ይችላል። ባለቤቱ ሕመሙን ባየ ጊዜ «ትናንት ደኅና ነበር» ይላል፤ በእውነቱ ግን በሽታው ሳምንታት አስቆጥሯል። ስለዚህ የሚከተሉትን ምልክቶች አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል፡-

- ውርንጭላው ሳይሮጥ ያለከልካል፤ አፍንጫውን ይነፋል፤ ሲተነፍስ የጎኑ እንቅስቃሴ ይጨምራል።
- ትኩሳት አለው፤ ያስለዋል፤ ጡት መጥባት ይቀንሳል።
- ከእኩዮቹ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ይከሳል፤ ጠጉሩ ይከረክራል።
- አንዳንድ ጊዜ መገጣጠሚያው ያብጣል ወይም ተቅማጥ ይይዘዋል።

እነዚህ ምልክቶች በሌሎች ሕመሞችም ይታያሉ። ስለዚህ ባለቤቱ «ይህ ሮዶኮከስ ነው» ብሎ መወሰን አይችልም፤ አይገባውምም። የሚገባው ውርንጭላው ሳይደክም በወረዳው ወዳለው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ማድረስ ወይም ባለሙያውን መጥራት ነው። ባለሙያው ናሙና ወደ ቤተ ሙከራ መላክ አስፈላጊ ሆኖ ካገኘው፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ክፍል በአቅራቢያ መኖሩ ለአካባቢያችን ዕድል ነው።

ተህዋሱ በፈረስ ብቻ የሚወሰን አይደለም። በከብት፣ በፍየልና በሌሎችም እንስሳት ይገኛል። በታረዱ ከብቶች ዕጢ ላይ የሚያስከትለው ቁስል የከብት ነቀርሳን ስለሚመስል የሥጋ መርማሪዎችን ሳይቀር የሚያጠራጥርበት ጊዜ አለ።

ወደ ሰው የሚደርሰው እንዴት ነው? ማንንስ ይጎዳል?

ሰውም ተህዋሱን በዋናነት የሚያገኘው ከአፈርና ከአቧራ ጋር በመተንፈስ ነው፤ አልፎ አልፎ በቁስል በኩል ሊገባ ይችላል። ከሰው ወደ ሰው መተላለፉ የተለመደ አይደለም። በልዩ ልዩ አገሮች ከተገኙት ታማሚዎች ብዙዎቹ ከፈረስ ጋር ቀጥተኛ ንክኪ ያልነበራቸው ናቸው፤ ምክንያቱም ተህዋሱ በአፈር ውስጥ እንስሳው ከሄደ በኋላም ይቆያል። ስለዚህ ፈረሱን ማራቅ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ ፈረስ ያለውን ሰው ማራቅማ ከቶ አይገባም።

የሚጠቁት በዋናነት የሚከተሉት ናቸው፡- ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው ኖሮ ሕክምና ያልጀመሩ ወይም ያቋረጡ፤ የካንሰር ሕክምና የሚወስዱ፤ የኩላሊት ወይም የሌላ አካል ንቅለ ተከላ የተደረገላቸው፤ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ መድኃኒቶችን ለረጅም ጊዜ የሚወስዱ ሰዎች። ከኤች.አይ.ቪ. ጋር የሚኖሩ ሰዎችን በተመለከተ አደጋው የሚጨምረው ሲዲ4 የሚባለው የመከላከያ ሕዋስ ቁጥር እጅግ ሲቀንስ፣ ይልቁንም ከ100 በታች ሲወርድ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ዋና ቁም ነገር ይህ ነው፤ መድኃኒቱን በሥርዓት የሚወስድና መከላከያው የተመለሰለት ሰው ከዚህ በሽታ የሚያስፈራው ነገር ጥቂት ነው። በአገራችን 600 ሺህ ገደማ ሰዎች ከቫይረሱ ጋር እንደሚኖሩ ይገመታል፤ ፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒትም ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ይሰጣል። መድኃኒቱ ከመስፋፋቱ በፊት በዚህ የሳንባ ሕመም ከተያዙ የኤድስ ሕሙማን ብዙዎቹ ይሞቱ ነበር፤ መድኃኒቱ ከመጣ በኋላ የመዳን ተስፋቸው በእጅጉ ተለውጧል።

መድኃኒት የሚቋረጠው በቸልተኝነት ብቻ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ሰሜን ጎንደር በደረሰ ጊዜ ብዙ ሕዝብ ተፈናቅሎ በደባርቅና በዳባት ተጠልሎ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው ካርዱንና መድኃኒቱን ጥሎ ይወጣል፤ በማያውቀው ከተማ «መድኃኒቴ አለቀ» ብሎ ለመናገርም ያፍራል። ተፈናቃይን የሚቀበል አጥቢያ ከምግብና ከልብስ ጋር «የሚወሰድ መድኃኒት ያለው ሰው ለብቻው ያነጋግረን» ማለትን ቢያስለምድ ሕይወት ያድናል።

ከሳንባ ነቀርሳ ጋር ለምን ይምታታል?

በሰው ላይ ሕመሙ ቀስ ብሎ ይጀምራል። ትኩሳት፣ ሳል፣ የደረት ውጋት፣ ድካምና መክሳት ይታያሉ፤ ደም የቀላቀለ አክታም ሊኖር ይችላል። በራጅ ሲታይ ብዙውን ጊዜ በሳንባው የላይኛው ክፍል ጉድጓድ ያለው ቁስል ይገኛል። ይህ ሁሉ የሳንባ ነቀርሳ መልክ ነው። አገራችን የሳንባ ነቀርሳ ከሚበዛባቸው 30 የዓለም አገሮች አንዷ ስለሆነች፣ ሐኪም እንዲህ ያለ ታማሚ ሲያይ አስቀድሞ ነቀርሳን ማሰቡ ትክክል ነው።

መምታታቱ በአክታ ምርመራም ሊቀጥል ይችላል። የነቀርሳ ተህዋስ በአጉሊ መነጽር የሚለየው የተቀባውን ቀለም በአሲድ ሲታጠብ ባለመልቀቁ ነው። ሮዶኮከስ ኢኩዊም አንዳንድ ጊዜ ቀለሙን በከፊል ይይዛል፤ ስለዚህ የነቀርሳ ተህዋስ ሊመስል ይችላል። በሌላ በኩል ደግሞ ቅርጹ በጤነኛ ሰው ጉሮሮ ከሚገኙ ጉዳት የሌላቸው ባክቴሪያዎች ጋር ስለሚመሳሰል «ይህ ከምራቅ የመጣ ነው» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል።

ለመለየት የሚረዱ መንገዶች ግን አሉ። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው መሣሪያ የሚፈልገው የነቀርሳን ተህዋስ የዘር ምልክት ስለሆነ በሮዶኮከስ አይታለልም። ካልቸር የሚባለው፣ ተህዋሱን አሳድጎ የመለየት ምርመራም ይረዳል፤ የነቀርሳ ተህዋስ ለማደግ ሳምንታት ሲፈልግ ሮዶኮከስ ግን በሁለት ቀን ገደማ ይታያል። ሐኪሙ ምርመራውን እንዲያዝ የሚያነሣሣው አንዱ ነገር ደግሞ ታማሚው የሚነግረው ታሪክ ነው። «የምኖረው ከፈረስ ጋጥ አጠገብ ነው፤ ፋንድያ እዝቃለሁ፤ መድኃኒት አቋርጬ ነበር» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ለሐኪሙ መንገድ ይከፍትለታል።

የነቀርሳ መድኃኒት ከጀመሩ በኋላ ለጥቂት ጊዜ መሻል ብቻውን በቂ ማስረጃ አለመሆኑም መታወቅ አለበት። ከነቀርሳ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን ሮዶኮከስንም ያዳክማል። ታማሚው ለጊዜው ቀለል ሊለው፣ ከዚያ ግን ሕመሙ ሊመለስበት ይችላል። ሕክምናውን በሥርዓት እየወሰደ ሳለ የማይሻለው ወይም ተሽሎት የሚያገረሽበት ሰው ወደ ሐኪሙ ተመልሶ መናገር አለበት እንጂ ተስፋ ቆርጦ መቅረት የለበትም፤ መድኃኒቱንም በራሱ ፈቃድ ማቆም የለበትም።

ስለ መድኃኒቱ ሁለት ማስጠንቀቂያዎች

ይህ ሕመም ይታከማል። ተህዋሱ በሕዋስ ውስጥ የሚደበቅ በመሆኑ ወደ ሕዋስ ውስጥ መግባት የሚችሉ መድኃኒቶችን ይፈልጋል። ለውርንጭላ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ከአዚትሮማይሲን ወይም ከክላሪትሮማይሲን ጋር ተጣምሮ ሲሆን፣ ሕክምናው ሳምንታትን ይወስዳል። ለሰው ሐኪሙ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ መድኃኒቶችን አጣምሮ ለወራት ያዝዛል። በየመንደሩ የሚታወቀው ፔኒሲሊን በዚህ ተህዋስ ላይ አስተማማኝ አይደለም።

የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ይህ ነው፤ ማንም ሰው ለነቀርሳ የተሰጠውን ሪፋምፒሲን ለውርንጭላው አያካፍል። ሁለቱ ሕክምናዎች አንድ መድኃኒት ስለሚጋሩ ለእንስሳው ማዘን ወደዚህ ሊመራ ይችላል። ነገር ግን ሪፋምፒሲን ብቻውን ሲሰጥ ተህዋሱ በፍጥነት ይለመደዋል፤ ውርንጭላው አይድንም። ኪኒኑን ያጎደለው ሰው ደግሞ የራሱን ነቀርሳ መድኃኒት የማይበግረው ያደርገዋል፤ ያንኑም ለቤተሰቡ ያስተላልፋል።

ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ባዝራዋን የሚመለከት ነው። ለውርንጭላው የሚሰጠው እንደ ኤሪትሮማይሲን ያለ መድኃኒት በጥቂቱ እንኳ ወደ እናቲቱ አፍ ቢገባ ገዳይ ተቅማጥ ሊያስከትልባት ይችላል። ስለዚህ መድኃኒቱ መሰጠት ያለበት በእንስሳት ሐኪም ትእዛዝ ብቻ ነው፤ ከተሰጠ በኋላም እናቲቱ እንዳትልሰው የውርንጭላው አፍ ይጠረግ።

ጠበልና መድኃኒት

በጠበል ቦታዎች የሚሰበሰቡ ምእመናን መካከል መከላከያቸው የተዳከመ ብዙዎች አሉ። ከሩቅ የመጡት በበቅሎና በፈረስ ይመጣሉ፤ እንስሳቱ በአቅራቢያው ይታሰራሉ፤ ሕሙማኑም በጎጆና በመጠለያ መሬት ላይ ያድራሉ። ስለዚህ ጠበል ያለበት አጥቢያ ከሌላው ይልቅ ለዚህ ጉዳይ ሊያስብ ይገባዋል።

አንዳንድ ሕሙማን ጠበል ሲጀምሩ መድኃኒታቸውን ያቆማሉ፤ መድኃኒቱን መውሰድ የእምነት ጉድለት ይመስላቸዋል። ቤተ ክርስቲያናችን በዚህ ላይ የሰጠችው መልስ ግልጽ ነው። አምስተኛው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች መሆናቸውን፣ ሁለቱን በአንድነት መውሰድም ኃጢአት እንዳልሆነ በይፋ አስታውቀዋል። መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ስለ ባለ መድኃኒት ክብር የሚያስተምረው ከዚሁ ጋር የሚስማማ ነው። ይህን ትምህርት ሕዝቡ በዐውደ ምሕረት አንድ ጊዜ ሰምቶ እንዲያልፈው ሳይሆን፣ ጠበል የሚያጠምቁ አባቶች ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ በቃላቸው እንዲናገሩት ያስፈልጋል። ሕመምተኛው ከሐኪም ይልቅ የሚሰማው እነርሱን ነውና።

በአጥቢያ ምን ይደረግ?

በኮሚሽናችን ሥራ በየአጥቢያው ስንዘዋወር የሚቀርብልን ጥያቄ «በጀት ከየት ይመጣል?» የሚል ነው። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ከጉልበትና ከስምምነት በቀር ብዙ ወጪ አይጠይቁም።

አንደኛ፣ የእንስሳት ማሰሪያ ቦታ ይወሰን። በጥምቀትና በሚያዝያ 23 የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ብዙ ፈረስ ይሰበሰባል፤ ጊዜው ደግሞ መሬቱ የሚቦንበት በጋ ነው። ማሰሪያው ከጠበልተኞች መጠለያ፣ ከአብነት ተማሪዎች ጎጆና ከውኃ መቅጃ የራቀ፣ ነፋስ ወደ ሰው በማያመጣበት አቅጣጫ ይሁን። ከበዓሉ በኋላ ፋንድያው ሳይደርቅ ተሰብስቦ ርቆ ይከመር።

ሁለተኛ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ግቢ ከመጠረጉ በፊት ውኃ ይረጭበት። ደረቅ መጥረግ ተህዋሱን ከመሬት አንሥቶ ወደ ሳንባ ያደርሰዋል። ጠራጊዎች አፍና አፍንጫቸውን በነጠላ ወይም በጭንብል ይሸፍኑ፤ ሲጨርሱ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

ሦስተኛ፣ ይህ ደንብ ለሁሉም እኩል ይሁን። ግቢ የሚጠርጉት፣ ፋንድያ የሚዝቁት ብዙውን ጊዜ አረጋውያን መነኮሳይያት፣ ችግረኞችና ለበረከት የሚያገለግሉ ሕሙማን ናቸው። ከመካከላቸው መከላከያው የተዳከመ ሰው ይኖራል፤ ነገር ግን እርሱን ብቻ ለይቶ «አንተ አትጥረግ» ማለት ምስጢሩን በአደባባይ ማውጣት ነው። ሁሉም ውኃ ረጭቶ ቢጠርግ፣ ሁሉም አፉን ቢሸፍን፣ ፋንድያ መዛቁም በጤነኛ ጎልማሶች ተራ ቢደረግ፣ ማንም ሳይጋለጥ ደካማው ይጠበቃል። የንስሐ አባት የልጁን ሁኔታ ቢያውቅ እንኳ ለሰበካ ጉባኤው መናገር አይችልም፤ ለሁሉም የወጣ ደንብ ግን የልጁን ስም ሳያነሣ ሥራውን ይሠራለታል።

አራተኛ፣ ባለ ፈረሶች ይመከሩ። ባዝራዋ በጠባብና በተዘጋ ጋጥ ሳይሆን አየር በሚገባበት፣ ከፋንድያ በጸዳ ቦታ ትውለድ። ውርንጭላው በተወለደ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ እንገር ይጥባ፤ እንገር ይህን ሕመም ብቻውን ባያስቀርም ለጠቅላላ ጤናው መሠረት ነው። ጋጡ በየጊዜው ይዛቅ፤ ሲዛቅ ውርንጭላው ከውስጥ ይውጣ። በቤቱ መከላከያው የተዳከመ ሰው ካለ የመዛቁን ሥራ ሌላ ሰው ይሥራለት። እንስሳና ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድሩበት ቤት ቢያንስ በግድግዳ ይለይ።

አምስተኛ፣ የንስሐ አባቶች በጉብኝታቸው ሦስት ነገር ይጠይቁ። «ሳሉ ስንት ጊዜ ሆነው? የታዘዘልህን መድኃኒት ሳታቋርጥ ትወስዳለህ? ከታከምህ በኋላ ተሽሎሃል?» ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለው ማንኛውም ሰው ለነቀርሳ ይመርመር። ከቫይረሱ ጋር የሚኖር ሰው ግን ሁለት ሳምንት መጠበቅ የለበትም፤ ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም መክሳት ከታየበት ወዲያውኑ ይሂድ። ጉዞው ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወይም ከጤና ጣቢያው ይጀምራል፤ እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ደባርቅ ወይም ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይመራል። ለትራንስፖርት የሚቸገረውን ሰበካ ጉባኤው ወይም ዕድሩ ቢደግፈው ይህ ከምጽዋት ሁሉ የሚቆጠር ነው።

ሊታረሙ የሚገባቸው አሳቦች

ይህ ትምህርት በተሳሳተ መንገድ ከተሰማ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ሦስት ነገሮች በግልጽ ይነገሩ። ፈረስና በቅሎ የበሽታ ምንጭ ናቸው ተብለው ሊሸጡ ወይም ሊባረሩ አይገባም፤ ንጹሕ ቦታ ከተሰጣቸው በረከት ናቸው። ያሳለ ሰው ሁሉ ኤች.አይ.ቪ. ያለበት አይደለም፤ «የፈረስ በሽታ» ያለበትም አይደለም፤ እንዲህ ያለ ስም ከተለጠፈ በኋላ የሚታመም ሰው ሁሉ ይደበቃል። ከቫይረሱ ጋር የሚኖር ሰው ፈረስ መጋለብ፣ ጭነት መጫን፣ እንስሳውን መንከባከብ አይከለከልም፤ የሚመከረው የደረቀ ፋንድያ ከመዛቅና በሚቦን ጋጥ ውስጥ ከመቆየት እንዲጠበቅ፣ የታመመ ውርንጭላንም ሌላ ሰው እንዲያስታምምለት ነው።

እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ የሚቀጥለውን በዓል ሳይጠብቅ በመጀመሪያው ስብሰባው ሁለት ውሳኔ ማሳለፍ ይችላል፤ የእንስሳት ማሰሪያው የት እንደሚሆንና ግቢው ከመጠረጉ በፊት ውኃውን ማን እንደሚረጭ። ካህናትም በሚቀጥለው የቤት ጉብኝታቸው ሦስቱን ጥያቄዎች ይዘው ይሂዱ። በየአጥቢያው የተወሰነውን ለወረዳ ቤተ ክህነት ቢያሳውቁ፣ አንዱ አጥቢያ የጀመረውን ሌላው ሊማርበት ይችላል።